ዘውዴ ከባተርሲ ሆኖ ያስጎበኛት ከተማ

ዲና ለሥራ ጉዳይ ጀርመን አገር፣ ድሬስደን ወደምትባል ከተማ እንደምትሄድ ያወራችው ለእታለማሁ ነበር። ዲና የእታለማሁ የክርስትና ልጅ ናት። ለንደን ተወልዳ ለንደን ያደገች፣ ካምደን ውስጥ አንድ የአርክቴክቶች ቢሮ የምትሠራ፣ አማርኛዋ መሐል እንግሊዝኛ ዘው እያለ የሚገባባት ወጣት ናት፤ ይሁን እንጂ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ባተርሲ ሰፈር እነእታለማሁ ቤት ጎራ ሳትል አትቀርም። ያን ዕለትም ምሳ ከተበላ በኋላ ሳሕኖቹን እያነሣሣች፣ ስብሰባው ሲያልቅ ጥቂት ቀን እንደሚተርፋት፣ ከተማዋ ጥንታዊ ናት ሲሉ እንደሰማች፣ ነገር ግን ከየት ተነሥታ ምን እንደምታይ ግራ እንደገባት ትነግራት ጀመር።

እታለማሁ እጇን እያደረቀች ሳቀች። «አስጎብኚሽ እዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጦልሻል» አለቻት። «ወጣትነቱን የጨረሰው እዚያ አይደል እንዴ።»

መስኮቱ ሥር የተቀመጠው ባሏ ዘውዴ ነው። ወደ ክላፋም ጀንክሽን የሚገቡትንና ከዚያ የሚወጡትን ባቡሮች እያዳመጠ የሚውልበት ወንበር ነው። በወጣትነቱ የባቡር ምህንድስና እንዲማር ድሬስደን ተልኮ ነበር። ትምህርቱን ሲጨርስ የላከው መንግሥት ወደቀ፤ ሁለት የነበረችው ጀርመንም አንድ ሆናለች። እሱም ለንደን የነበረ የአጎቱን ልጅ ተከትሎ መጣና እዚሁ ቀረ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ባቡር ጣቢያ ተቀጥሮ ለብዙ ዓመት ሠራ። ሥራው ግን የተማረው ምህንድስና ሳይሆን ሰው መምራት ነበር። የጠፋበት፣ የቸኮለ፣ ሻንጣ የከበደው ሁሉ እሱ ዘንድ እየመጣ «በየት በኩል ነው?» ይለዋል፤ እሱም በጣቱ ያሳያል። ኋላ ግላኮማ የሚሉት የዐይን በሽታ ያዘው። ብርሃኑ ከዳር ከዳሩ እየጠበበ ሄዶ ሄዶ ጨርሶ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ መንገድ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ዐይነ ስውርን ማን መንገድ ይጠይቃል?

ዲና ሳሕኑን እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች። «ጋሼ፣ ሪሊ? ለምን ነግረውኝ አያውቁም?»

«ጠይቀሽኝ አታውቂማ።»

«እሺ፣ አሁን ልጠይቅዎት። ምን ልይ? የት የት ልሂድ?»

 እሱ የሚያውቃት ከተማ የዛሬ ሠላሳ ምናምን ዓመት የነበረችው እንደሆነች፣ ከዚያ ወዲህ ስንቱ ፈርሶ ስንቱ እንደተሠራ እንደማያውቅ፣ ስልኳን ብትጠይቅ እንደሚሻላት ነገራት። ዲና ግን አልለቀቀችውም። ስልኩ ለሰው ሁሉ የሚናገረውን ለሷም እንደሚደግምላት፣ እሷ የምትፈልገው ግን እዚያ የኖረ ሰው የሚያውቀውን እንደሆነ፣ የተለወጠ ነገር ካለ ራሷ ቼክ እንደምታደርግ ነግራው፣ ድምፁን እየቀዳ እንዲልክላት ለመነችው።  እሷ ከሄደች በኋላ ዘውዴ እታለማሁን ስልኩን እንድታቀብለው ጠየቃት።

ሳምንቱን ሲቀዳ ሰነበተ። እታለማሁ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውላ ስትመለስ ኮቷን ሳታወልቅ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጠዋለች። ሰውዬው ልክ እንደ ጣቢያው ጊዜ በእጁ እያሳየ ነበር የሚናገረው፤ አንዴ ወደ ማቀዝቀዣው፣ አንዴ ወደ ልብስ መስቀያው ይጠቁማል። ድምፁም ሌላ ሆኖባታል። እሷ ሳታገኘው በፊት እንዲህ ይናገር የነበረ ይሆናል ብላ አሰበች።

«ዲና» ይላል፤ «ከዋናው ባቡር ጣቢያ ስትወጪ ጀርባሽን ለጣቢያው ስጪና ቁሚ። ፊት ለፊትሽ መኪና የማይገባበት ሰፊ መንገድ ታገኛለሽ። ፕራገር ሽትራሰ ይሉታል። ወዲያ ወዲህ አትበዪ፣ ዝም ብለሽ ቀጥ በዪ። አሮጌው የገበያ አደባባይ ስትደርሺ በስተቀኝሽ ክሮይትስኪርሸ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። የወንዶች ልጆች መዘምራን አሉት። ሲዘምሩ ከደረስሽ ግቢ፤ ቋንቋውን ባትሰሚው ግድ የለም፣ እኔም መጀመሪያ አልሰማም ነበር። ከዚያ አለፍ ስትዪ ኖይማርክት አደባባይ ላይ ትወጫለሽ። በኔ ጊዜ እዚያ ትልቅ የጥቁር ድንጋይ ክምር ነበር፤ በጦርነቱ በቦምብ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቁጥቋጦ በቅሎበት፣ ሰው ሻማ ያበራበት ነበር። መልሰው ሠሩት ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እንዴት አድርገው እንደሠሩት አንቺ ትነግሪኛለሽ።»

ሌላ ቀን ደግሞ ስለ ረጅሙ ግድግዳ ነገራት። ከሲኒ ሸክላ በተሠራ ንጣፍ ላይ የአገሩ መሳፍንት ሁሉ በፈረስ ተሰልፈው የሚያልፉበት ሥዕል ነው፤ ከጦርነቱ እሳት መትረፉ ሁልጊዜ ያስገርመው እንደነበር አልሸሸጋትም። ጽቪንገር ስለሚባለው የነገሥታት ግቢ ሲነግራት፣ ሥዕሎቹን ከማየቷ በፊት ግቢው መሐል ቆማ ደወሎቹን እንድትሰማ አደራ አላት። ደወሎቹም ሸክላ ናቸው፤ ብረት የለመደ ጆሮ መጀመሪያ ይደናገራል። ሙዚየሞቹ ብዙዎቹ ሰኞ ዝግ እንደሆኑ፣ ወንዙ ዳር ባለው ሰገነት ላይ ነፋሱ ክፉ ስለሆነ አንገቷን እንድትሸፍን ሁሉ ሳይቀር ነገራት። የመጨረሻው ስለ ትራንስፖርት ሙዚየሙ ነበር። «ላንቺ ላይጥምሽ ይችላል፤ ለኔ ስትዪ ግቢ» አላት። «የድሮዎቹ ባቡሮች ያሉበት አዳራሽ ውስጥ በስተግራ መስኮቱ ሥር ማሞቂያ ነበር፤ አጠገቡ ወንበር አለ። ከወንበሩ ጀርባ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር አለ።»

ስብሰባው ባለቀ ማግሥት ጠዋት ዲና ደወለች። የሱን ድምፅ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ከባቡር ጣቢያው ተነሥታ እዚያው ኖይማርክት አደባባይ ደርሳለች። ከበስተጀርባዋ የገና ገበያ ሙዚቃና የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ጋሼ፣ የድንጋይ ክምር ያሉት የለም» አለችው። «ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው፤ ሙሉ።»

«ንገሪኝ እስቲ።»

ዲና ሕንፃ አይታ ማውራት ሥራዋ ነው። ጉልላቱ ከድንጋይ የተሠራ ትልቅ ደወል እንደሚመስል፣ ግድግዳው ፈዘዝ ያለ የማር ቀለም እንዳለው፣ ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ጥቁር ድንጋይ ጣል ጣል እንደተደረገበት፣ በአንድ በኩል ደግሞ ከታች እስከ ላይ ጥቁር የሆነ ግድግዳ እንዳለ አንድ በአንድ ዘረዘረችለት።

«ጥቁሮቹን ነው እኔ የማውቃቸው» አለ ዘውዴ። «ከክምሩ እያነሡ እየቦታቸው መልሰዋቸዋል ማለት ነው።»  ሠላሳ ዓመት ሙሉ በልቡ ፈራርሶ የተቀመጠው ነገር በአንዲት ልጅ አፍ ቆሞ ሲያገኘው፣ ደስታውን የት እንደሚያኖረው ጠፋው።

ዲና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብላ ጀመረች። የላከላትን ሁሉ ደጋግማ ሰምታዋለች። ሌላ ሰው ስለ ሙዚየም ሲያወራ ስለ ሥዕሉና ስለ ዕቃው ነው፤ የሱ ግን የትም ቢገባ ማሞቂያው የት እንዳለ፣ ተቀምጦ በሩን ማየት የሚቻለው ከየትኛው ወንበር እንደሆነ፣ በጓሮ በኩል በየት እንደሚወጣ ነው።

«ጋሼ፣ የጓሮ በር ለምን ያስፈልገኛል?»

ዘውዴ ይህን እንደነገራት እንኳ ልብ አላለውም ነበር። ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረና ሞቅ ያለ ቦታ ገብታ እንድትቀመጥ ጠየቃት። ከዚያ ነገራት።

ድሬስደን በገባበት ጊዜ ሰዉ ዝምተኛ ቢሆንም ክፉ አልነበረም። ነገሩ የተበላሸው የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ነው። ፋብሪካው ሁሉ መዘጋት ጀመረ፣ ሰው ሥራ ፈታ፣ ነገ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ጠፋ። በዚህ መሐል ፀጉራቸውን የተላጩ፣ ከባድ ቦት ጫማ ያጠለቁ ጎረምሶች የውጭ አገር ሰው ባዩ ቁጥር ማሳደድ ያዙ። በተለይ ትራም በሚሉት የከተማ ባቡር ውስጥ ብቻን መገኘት አስፈሪ ሆነ። እሱና ጓደኞቹ ትራም ተዉና በቡድን እየሆኑ በእግር መሄድ ጀመሩ። ሐሙስ ሐሙስ ግን የሱ ትምህርት ከሌሎቹ ዘግይቶ ስለሚያልቅና ቤተ መጻሕፍትም ጎራ ስለሚል፣ ብቻውን ነበር የሚመለሰው። ማደሪያቸው ከባቡር ጣቢያው ማዶ፣ ዳገቱ ላይ ነው። በዚያ በበረዶ ወራት ደግሞ ገና ከሰዓት በኋላ ሳለ ይጨልማል።

አንድ ሐሙስ ሦስት ጎረምሶች ተከተሉት። ፈጠን ሲል ፈጠኑ፤ ሲታጠፍ ታጠፉ። ክፍት ሆኖ ያገኘው በር የትራንስፖርት ሙዚየሙ ነበር፤ ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶታል። በሩ አጠገብ ግራጫ የደንብ ልብስ የለበሱ ጠና ያሉ ሴት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ እሱን አዩ፤ ከዚያ በመስታወቱ በኩል ውጭ የቆሙትን አዩ። ምንም አልጠየቁትም። ተነሥተው ወደ ባቡሮቹ አዳራሽ አስገቡትና ማሞቂያው አጠገብ አስቀመጡት፤ ከራሳቸው ፔርሙስ ሻይ ቀዱለት። ሙዚየሙ ሲዘጋ ካፖርታቸውን ለብሰው መጡና ስሙንና ማደሪያውን ጠየቁት። እሳቸው ፍራው ዛይፈርት እንደሚባሉ ነገሩት፤ ፍራው ወይዘሮ እንደማለት ነው። «ሄር ዘውዴ» አሉት፤ አቶ ዘውዴ ማለታቸው ነው። «መንገዳችን አንድ ስለሆነ አብረን እንሂድ።» በጓሮው በር ወጡ። ሴትዮዋ እንደ እናትና ልጅ ክንዱን ያዙት።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ሆነ። ዘውዴ ሙዚየሙ ገብቶ ማሞቂያው አጠገብ ያጠናል፤ ሲዘጋ ፍራው ዛይፈርት ካፖርታቸውን ለብሰው ይመጣሉ፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከተማዋን አቋርጠው ይሄዳሉ። ጎረምሶቹ አንዳንዴ ከማዶ ይሰድቧቸዋል፤ ከሱ ይልቅ እሳቸውን ነበር አብዝተው የሚሰድቡት። እሳቸው አንገታቸውን እንኳ አያዞሩም። ይልቅስ በጃንጥላቸው ጫፍ እየጠቆሙ ያስጎበኙታል። እዚህ ጋ ከጦርነቱ በፊት ይሄ ነበር፣ ያ ግድግዳ ከእሳቱ የተረፈው እንዲህ ሆኖ ነው፣ የዚህ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሲዘምሩ መስማት አለብዎት። በዚያ ሰሞን በዚያች ከተማ እሱን አንቱ የሚሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ማደሪያው በር ላይ ሲደርሱ እጁን ጨብጠው ይሰናበቱትና ዳገቱን ይያያዙታል። ቤታቸው ከዚያ አለፍ ብሎ እንደሆነ ነግረውታል።

«እኔ ለአንቺ የነገርኩሽ ሁሉ የሳቸው ነው» አላት ለዲና። «ከሳቸው ያልሰማሁት ነገር የለኝም።»

ተመርቆ ከወጣ በኋላ ሁለት ጊዜ በሙዚየሙ አድራሻ የገና ካርድ ልኮላቸው መልስ አላገኘም ነበር። ምናልባት ሞተው ይሆናል ብሎ በየዓመቱ በጸሎቱ ስማቸውን ያነሣል፤ አብን ወልድን ሲል አንዲት ጀርመናዊት መሐል ትገባለች እያለች እታለማሁ ትስቅበታለች። ዲና ሙሉ ስማቸውን ጠየቀችው። ሮስቪታ ዛይፈርት ብሎ ነገራትና ደግሞ እንዳትደክም፣ ያን ሁሉ ዓመት አልፎ የሚገኝ ሰው እንደሌለ መክሮ ስልኩን ዘጋ።

ዲና ግን ሙዚየሙ ገብታ፣ ከጠባቂዎቹ መሐል ሽበታሙን መርጣ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ሰውየው ስሙን ሲሰማ ፊቱ በራ። በወጣትነቱ ከሳቸው ጋር ሠርቷል። እሱ እንደነገራት ፍራው ዛይፈርት በሕይወት አሉ፤ ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል፣ ጆሯቸው ደከም ብሏል፣ አእምሯቸው ግን እንደ ምላጭ ነው፤ የድሮ ሠራተኞቹ አሁንም አልፎ አልፎ ኬክ ለመብላት ይሰባሰባሉ። እዚያው ደወለላቸው። በማግሥቱ ጠዋት ትምጣ አሉ።

ዘውዴ ይህን ከሰማ በኋላ እንደ ፈተና ተማሪ ሆነ። ለብዙ ዓመት ያልተናገረውን ጀርመንኛ ሲያጠና ዋለ። በማግሥቱ ለእታለማሁ ከሁለቱ የዕረፍት ቀኖቿ የመጀመሪያው ነበር፤ ሸሚዝ እንድታወጣለት ጠየቃት። «በስልክ እኮ ነው፣ አያዩህም» አለችው። ቢሆንም ሸሚዙን አውጥታ ሰጠችው፤ ኮሌታውንም አስተካከለችለት።

ስልኩ ጮኸ። ዲና ከመጀመሪያው ሰላምታ በኋላ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍታ ፍራው ዛይፈርት ጆሮ ላይ ካለው የመስሚያ መሣሪያ አስጠጋችው። ዘውዴ ያዘጋጀው ዓረፍተ ነገር ሁሉ ከአፉ ጠፋ። ቀድመው የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

«ሄር ዘውዴ፣ በደህና ደረሱ?» አሉት፤ ልክ ትናንት ማደሪያው በር ላይ የተለያዩ ይመስል።

ዘውዴ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥበት ሲል ዋጠው። በደህና መድረሱን፣ ለንደን እንደሚኖር፣ ሚስት እንዳለችው፣ ዐይኑ እንደታወረ፣ ግን ደህና እንደሆነ ነገራቸው። እሳቸው ግማሹን አይሰሙም። ያኔ ዲና አንድ ቃል ጀርመንኛ ሳታውቅ የሱን ቃል እንደሰማችው እየደገመች ጆሯቸው ላይ ትጮህላቸው ጀመር። ሴትዮዋ አነጋገሯን ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ። ካርዶቹ እንዳልደረሷቸውም ነገሩት፤ እሱ በሄደ ዓመት ከሥራ ከተቀነሱት መሐል ነበሩና።

«ዛሬም እዚያው ዳገቱ ላይ ነዎት?» ሲል ጠየቃቸው።

እሳቸው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ዲና፣ የደገመችው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችው። በአማርኛ ነገራት።

«የምን ዳገት ጋሼ? ቤታቸው እኮ ከወንዙ ማዶ ነው። ድልድዩን ተሻግሬ፣ በጣም ወደ ሰሜን ሄጄ ነው የመጣሁት።»

«ወደዚያ መቼ ቀየሩ? ጠይቂልኝ» ካለ በኋላ፣ ዲና ጀርመንኛ እንደማትችል ትዝ ሲለው ራሱ ጠየቀ። የትም ቀይረው አያውቁም። ከተዳሩ ጀምሮ የኖሩት በዚሁ ቤት ነው።

ዘውዴ በልቡ ያለውን ካርታ ዘረጋው። ሙዚየሙ መሐል ነው። የሱ ማደሪያ ወደ ደቡብ፣ ከባቡር ጣቢያው ማዶ። የሳቸው ቤት ወደ ሰሜን፣ ከወንዙ ማዶ። ማለትም ሐሙስ በመጣ ቁጥር ያቺ ሴት ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ከዋሉ በኋላ፣ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ስድብ፣ ለቤታቸው ጀርባቸውን ሰጥተው እሱን ያደርሱ ነበር። እሱ ደረጃውን ሲወጣ ዳገቱን የሚያያዙት ለማስመሰል ነው። ጥቂት ሄደው፣ የሱ መብራት ሲበራ ተመልሰው፣ ብቻቸውን ትራም ይዘው ያንኑ ከተማ እንደገና ያቋርጡ ነበር ማለት ነው።

እታለማሁ ፊቱ ሲለዋወጥ አይታ ምን ሆንክ አለችው። እጁን ወደሷ ዘረጋ፤ ያዘችው።

«ለምን አልነገሩኝም?» አላቸው።

«ብነግርዎት ይፈቅዱልኝ ነበር?»

«አልፈቅድም ነበር።»

«እንግዲህ» አሉ ፍራው ዛይፈርት።

ከዚያ ቀስ ብለው የነገሩትን ዘውዴ አንድም ቃል ሳያመልጠው ሰማ። በዚያ ዓመት ባላቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ምዕራብ ሄዶ አልተመለሰም ነበር። ሙዚየሙ ውስጥም ማን እንደሚቀነስ ማን እንደሚቀር በየቀኑ ይወራ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ራሱን እንደ ትርፍ ዕቃ ማየት ጀምሮ ነበር። ሐሙስ ግን ማንም ሊቀንስባቸው የማይችል ሥራ ነበራቸው። አንድን ሰው ቤቱ ማድረስ። ስለዚህ ውለታውን ለእሱ ብቻ የተዋለ አድርጎ እንዳያየው፣ እሳቸውም እግዚአብሔርን ያመሰገኑበት ጊዜ እንደነበር ነገሩት።

ዘውዴ ያዘጋጀው ዓረፍተ ነገር አሁን መጣለት። ረጅም ነበር፤ ሰዋስውም ነበረው። ግን ተወው። አመሰግናለሁ ብቻ አለ፤ ደግሞም አመሰግናለሁ አለ። ይህችን ያለ ዲና እገዛ ሰሟት።

በማግሥቱ የዲና ባቡር ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት ዘውዴ ራሱ ደወለላትና አንድ ነገር እንድታደርግለት ጠየቃት። ከሙዚየሙ በር ተነሥታ እስከ ፍራው ዛይፈርት ቤት ድረስ በእግሯ እንድትሄድ፣ ስትሄድም የምታየውን ሁሉ እንድትነግረው። ያን መንገድ ሄዶት አያውቅም። የከተማው ግማሽ ሐሙስ ሐሙስ ከጀርባው ቀርቶ ነበር።

«ሩቅ ነው እኮ ጋሼ» አለችው።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት፤ እታለማሁም ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዲና ጉዞ ጀመረች። ረጅሙን የመሳፍንት ግድግዳ አልፋ ድልድዩ ላይ ወጣች። ወንዙ ግራጫ እንደሆነ፣ ዳርና ዳሩ የበረዶ አመዳይ እንደያዘው፣ አንድ ሽማግሌ ለዳክዬዎች ዳቦ እየቆረሰ እንደሆነ ነገረቻቸው። ከድልድዩ ማዶ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ አለ፤ ሰውየውም ፈረሱም በወርቅ ተለብጠዋል። እታለማሁ፣ ወርቁ እውነተኛ እንደሆነ ጠይቂ አለች። ዲና ማንን እንደምትጠይቅ ግራ ገባት። ከዚያ መንገዱ ረዘመ። ያረጁ ፎቆች፣ የብስክሌት መጠገኛ፣ አንድ ዳቦ ቤት፤ አንድ ትራም እያቃጨለ አልፏት ሄደ። ዘውዴ በየመታጠፊያው ያስቆማትና በየት በኩል እንደሆነ፣ መንገዱ ዳገት ይሁን ሜዳ፣ የመንገድ መብራት ይኑረው አይኑረው ይጠይቃታል። ካፖርት ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ከሥራ ደክመው የሚመለሱትን ሴትዮ ነበር በልቡ ይዞ የሚሄደው። ክንዳቸውን ይዞ።

ዲና ድካም ሲጀምራት ድምፅዋ ቀነሰ። ከዚያ አፍንጫዋ እንደቀዘቀዘ ስትነግራቸው፣ በመጨረሻም ደወል ስትጫን ሰሙ። በሩ ተከፈተ። የፍራው ዛይፈርት ድምፅ መጣ፣ ደግሞም የሳሕን ድምፅ። ዲና ኬክ ስለተቆረጠላት ከዚህ በኋላ ማውራት እንደማትችል ነገረቻቸውና ዘጋች።

 ውጭ አንድ ባቡር ወደ ክላፋም ጀንክሽን ገባ።

«እኔንስ መቼ ነው የምታስጎበኘኝ?» አለች እታለማሁ።

ዘውዴ አላመነታም። ብርዱ ሲያልፍ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ እሷ ፈቃድ ስትወስድ እንደሚሄዱ፣ ግን በአውሮፕላን እንደማይሆን ነገራት። በባሕሩ ሥር በሚያልፈው ባቡር እስከ ብራስልስ፣ ከዚያ ኮለኝ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ። ወጪውንና የቀኑን ርዝመት ስታነሣበት ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። የትኛው ባቡር ላይ በየትኛው በኩል ቢቀመጡ ለሷ ወንዙ እንደሚታያት ማስረዳቱን ቀጠለ፤ እጁንም ወደ መስኮቱ ዘርግቶ ያሳያት ነበር።